የቦሮ ካውንስል ምርጫ በለንደን፦ ከመራጮች መዝገብ እስከ ድምፅ መስጫው ሳጥን

በአንድ የካውንስል ምርጫ ዕለት አንዲት እናት ከሥራ እስኪወጡ ጠብቄ ወደ ድምፅ መስጫው ጣቢያ አብሬያቸው ሄድሁ። ከ20 ዓመት በላይ የኖሩበት ሰፈር ነው፤ ጣቢያውም ልጆቻቸው የተማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። አስመራጯ በመዝገቡ ላይ ጣቷን ቁልቁል ወሰደች፣ ወደ ላይ መለሰች፣ ገጹን ገለበጠች። ስማቸው የለም። ዜግነት ከወሰዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በታውን ሆሉ ቃለ መሐላ ፈጽመው፣ ሰርተፊኬታቸውን ተቀብለው፣ ፎቶ ተነሥተው ሲወጡ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሏቸው ነበር። መራጭ ለመሆን ሌላ ምዝገባ እንዳለ የነገራቸው ሰው አልነበረም። “ታዲያ ያ ሁሉ መሐላ ለምን ነበር?” አሉኝ። ቤታቸው እስክንደርስ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው እየረዳሁ ያየሁት ይህንኑ ነው። የእኛ ሰው ድምፁን የሚያጣው በምርጫው ቀን አይደለም፤ ከሳምንታት በፊት፣ ቤቱ ተቀምጦ ነው። ወይ ስሙ መዝገብ ላይ የለም፣ ወይ በመታወቂያው ላይ ያለው ስም ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ከዚህ በታች ባለው መመሪያ ብዙውን ቦታ የሰጠሁት ለእነዚህ ለሁለቱ ነው።

በመጀመሪያ፣ ይህ ምርጫ ምንን ይወስናል?

ለንደን በ32 ቦሮዎች የተከፈለች ናት፤ ጥንታዊቷ ሲቲ ኦፍ ለንደን ለብቻዋ ትቆጠራለች። ይህ አከፋፈል ሥራ ላይ የዋለው በ1965 ነው። እያንዳንዱ ቦሮ የራሱ ካውንስል (የአካባቢ ምክር ቤት) አለው፤ የካውንስሉ ተመራጭ አባላት ካውንስለር ይባላሉ። ላምቤዝና ሳውዝዋርክ 63፣ 63 ካውንስለሮች አሏቸው፤ ሃሪንጌይ 57፣ ካምደን 55፣ ኢዝሊንግተን 51። ቦሮው ዋርድ በሚባሉ ሰፈሮች ይከፈላል፤ ከየዋርዱም እንደ ሕዝቡ ብዛት ከ1 እስከ 3 ሰው ይመረጣል። ምርጫው በየ4 ዓመቱ በሜይ ወር በመጀመሪያው ሐሙስ ይውላል፤ 2018፣ 2022፣ 2026 እያለ ይሄዳል። ከለንደን ውጭ ያላችሁ ልብ በሉ፤ እንደ ማንቸስተር ባሉ ከተሞች ካውንስለሮች በሦስት ተከፍለው ስለሚመረጡ ከ4ቱ ዓመት በ3ቱ ምርጫ አለ።

ቪዛ፣ ሆስፒታል፣ ፖሊስና ባቡር የካውንስሉ ሥራ አይደሉም። የካውንስል ታክሱ መጠን ግን በአብዛኛው በካውንስለሮቹ እጅ ነው። የካውንስል ቤት ተራ ለማን ይሰጣል የሚለውን ደንብ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ግድግዳችሁን የበላው ሻጋታ የካውንስሉ ቤት ከሆነ የሚመለከተው እነሱን ነው። የአረጋውያን የቤት ውስጥ እንክብካቤ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የምግብ ቤት የምሽት ፈቃድ፣ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ መስታወት ላይ ተለጥፎ የምናገኘው የፓርኪንግ ቅጣት፣ ልጆቻችን ቅዳሜ አማርኛ የሚማሩበት አዳራሽ ኪራይ፣ ይህ ሁሉ የካውንስል ጉዳይ ነው።

ከዚህም የሚከብድ አለ። በጁን 14 ቀን 2017 ተቃጥሎ 72 ሰው ያለቀበት የግሬንፌል ታወር የኬንሲንግተንና ቼልሲ ቦሮ ካውንስል ንብረት ነበር። ከሟቾቹ መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። የሕንጻው እድሳት የተመራው በካውንስሉና ሕንጻዎቹን በሚያስተዳድርለት ድርጅት በኩል ነበር። ካውንስል ምን ያደርጋል ለሚለኝ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

1ኛ፦ መምረጥ እንደሚችሉ ያረጋግጡ

በእንግሊዝ በካውንስል ምርጫ ድምፅ ለመስጠት በምርጫው ቀን 18 ዓመት የሞላዎት፣ በዚያ ቦሮ ነዋሪ የሆኑና ዜግነትዎ የሚፈቅድልዎ መሆን አለብዎት። ነገሩ የሚወሳሰበው ዜግነቱ ላይ ነው።

የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጎች ይመርጣሉ። የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ግዛቶች ማኅበር) አገር ዜጎችም የመኖሪያ ፈቃድ ካላቸው ይመርጣሉ። ኢትዮጵያና ኤርትራ የኮመንዌልዝ አባል አይደሉም። ነገር ግን በካናዳ፣ በአውስትራሊያ ወይም በኬንያ ፓስፖርት ለንደን የገቡ የእኛ ሰዎች አሉ፤ እነዚህ የብሪታንያ ዜግነት እስኪያገኙ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ብዙዎቹ ይህን አያውቁም።

በስዊድን፣ በሆላንድ፣ በጀርመን ወይም በጣልያን ፓስፖርት የመጣችሁም ጥንቃቄ ያሻችኋል፤ ከሜይ 2024 ጀምሮ ሕጉ ተለውጧል። እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድረስ በሕጋዊ መንገድ ብሪታንያ ገብታችሁ ከዚያ ወዲህም በሕጋዊነት የኖራችሁ ከሆነ መብታችሁ እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣችሁ ከሆነ ግን የሚመርጡት ከብሪታንያ ጋር ስምምነት ያላቸው አገሮች ዜጎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ዴንማርክ፣ ሉክሰምበርግ፣ ፖላንድ፣ ፖርቱጋልና ስፔን ናቸው። ቆጵሮስና ማልታ በኮመንዌልዝ አባልነታቸው ይገባሉ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው በጥገኝነት ወይም በቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያሉ ሰዎች በእንግሊዝ አይመርጡም። እዚህ ላይ ግራ መጋባት ስላለ ልናገር። ግላስጎው ወይም ካርዲፍ ያለች የአክስትዎ ልጅ በኢትዮጵያ ፓስፖርቷ የካውንስል ምርጫ መርጣ ሊሆን ይችላል። ትክክል ናት። ስኮትላንድና ዌልስ በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር የውጭ ዜጋ፣ ከ16 ዓመት ጀምሮ፣ በራሳቸው ሕግ ፈቅደዋል። እንግሊዝ አልፈቀደችም። “እሷ ከመረጠች እኔስ” ብለው በሐሰት እንዳይመዘገቡ፤ ወንጀል ነው፣ በኋላ ለሚያስገቡት የዜግነት ማመልከቻም እንቅፋት ሊሆን ይችላል።

የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ የብሪታንያን ዜግነት መውሰድ ለብዙዎቻችን የልብ ጉዳይ ነው፤ በዚያ ላይ ምክር የመስጠት ድፍረት የለኝም። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ድምፅ ባይኖርዎትም ካውንስለርዎ የእርስዎም ካውንስለር ነው። አቤቱታ ማቅረብ፣ በካውንስሉ ስብሰባ ተገኝቶ ማዳመጥ፣ ፊርማ ማሰባሰብ ዜግነት አይጠይቅም።

2ኛ፦ ይመዝገቡ፣ ዛሬ

ምዝገባው በመንግሥት ድረ ገጽ፣ በጎቭ ዶት ዩኬ፣ 5 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የሚያስፈልግዎ ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀንና ናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር ነው። ኢንተርኔት ለሚከብደው ሰው የካውንስሉ የምርጫ ክፍል ቅጹን በፖስታ ይልካል። የመጨረሻው ቀን ከምርጫው 12 የሥራ ቀን በፊት፣ እኩለ ሌሊት ነው። የሥራ ቀን ሲባል ቅዳሜ፣ እሑድና የሜይ መጀመሪያ ባንክ ሆሊዴይ አይቆጠሩም። ስለዚህ ለሜይ ምርጫ ቀነ ገደቡ ኤፕሪል አጋማሽ አለፍ እንዳለ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ከእኛ ፋሲካ ዙሪያ ነው፣ ሰው ሁሉ በጾምና በዝግጅት ተጠምዶ ሳለ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባል የለ? በጃንዋሪ ይመዝገቡ።

ከ2014 ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው የሚመዘገበው በየራሱ ነው። በቀድሞው ሥርዓት የቤቱ አባወራ ለሁሉም ይሞላ ነበር፤ አሁን ባል ሚስቱን፣ አባት የ18 ዓመት ልጁን አስመዝጋቢ አይሆንም። “ባለቤቴ ሞልቶታል” የሚሉ እህቶች ስማቸውን ለካውንስሉ ደውለው እንዲያረጋግጡ እለምናለሁ። አንድ ቤት ውስጥ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩም እንዲሁ፤ ባለቤቱ ኮንትራት ባይሰጥዎትም በሚኖሩበት አድራሻ መመዝገብ መብትዎ ነው። ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፍበትን ቦታ ጠቅሶ በልዩ ቅጽ ይመዘገባል። ቤት ከቀየሩ ምዝገባው አብሮዎ አይመጣም፤ እንደገና ነው። ልጆቻችን ደግሞ ከ16 ዓመታቸው ጀምሮ መመዝገብ ይችላሉ፤ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ከተማ የገቡት በሁለቱም አድራሻ ተመዝግበው በሁለቱ የተለያዩ ካውንስሎች ምርጫ ድምፅ መስጠት ተፈቅዶላቸዋል።

በየዓመቱ በዚህ አገር በጋ (ሰመር) ካውንስሉ በቤትዎ ማን እንዳለ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይልካል። ማስታወቂያ መስሎ አይጣል። የግድ መልስ የሚሻ ሆኖ ሳይመልሱ ቢቀሩ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል፤ እንዲመዘገቡ ተጠይቀው እምቢ ቢሉ ደግሞ 80 ፓውንድ። በሌላ በኩል መዝገቡ ላይ መገኘት ጥቅም አለው፤ ባንኮች ብድር፣ የስልክ ኩባንያዎችም የሞባይል ኮንትራት ሲሰጡ አድራሻዎን የሚያመሳክሩት በዚሁ ነው።

“ስሜ ይፋ ይወጣል” ብለው የሚሰጉ ሰዎች አግኝቻለሁ፤ ከኋላቸው ያለውን ታሪክ ስለማውቅ ስጋቱን አልንቀውም። መዝገቡ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለምርጫና በሕግ ለተፈቀደለት ሥራ ብቻ ሲውል ሌላው፣ ክፍት መዝገብ የሚባለው፣ ለማንም ይሸጣል። ከክፍቱ መዝገብ መውጣት አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነው። በቤት ውስጥ ጥቃት ወይም በሌላ ምክንያት ሕይወቷ አደጋ ላይ ያለች ሴት ደግሞ ማስረጃ አቅርባ ስሟ ጨርሶ ሳይጻፍ መመዝገብ ትችላለች። የካውንስሉን የምርጫ ክፍል “ስም ሳይጠቀስ መመዝገብ እፈልጋለሁ” ብላ ብትጠይቅ ቅጹን ይሰጧታል።

3ኛ፦ ስምዎና መታወቂያዎ ይገናኙ

በእንግሊዝ ጣቢያ ሄዶ የሚመርጥ ሰው ፎቶ ያለበት መታወቂያ ማሳየት ግዴታ የሆነው ከሜይ 2023ቱ የአካባቢ ምርጫ ጀምሮ ነው። ቀድሞ ስምና አድራሻ መናገር ይበቃ ነበር፤ ስለዚህ ነባር መራጮችም ሳያውቁት ይመለሳሉ።

የሚቀበሉት የብሪታንያ፣ የኮመንዌልዝ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት፣ የብሪታንያ መንጃ ፈቃድ (የለማጁም ጭምር)፣ ፍሪደም ፓስ፣ የ60 ፕላስ ኦይስተር ካርድና የአካል ጉዳተኞች ሰማያዊ ባጅ ነው። ሌሎችም አሉ፤ ዝርዝሩ በየጊዜው ስለሚሻሻል ከእያንዳንዱ ምርጫ በፊት አንድ ጊዜ ይዩት። ጊዜው ያለፈበት ካርድም ፎቶው እርስዎን ከመሰለ ይሠራል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ ቢጫ ካርድ፣ የመሥሪያ ቤት ባጅ፣ የተማሪ መታወቂያ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይሠሩም። ለናቶቻችንና ለአባቶቻችን ከሁሉ የሚቀለው ፍሪደም ፓሱ ነው፤ ለአውቶቡስ ሁልጊዜ ኪሳቸው ውስጥ አለ።

ከነዚህ አንዱም ከሌለዎት ቮተር ኦቶሪቲ ሰርተፊኬት የሚባል ወረቀት በነጻ ይሰጥዎታል። በኢንተርኔት ወይም በቅጽ ያመለክታሉ፤ ፎቶውን በስልክ ማንሣት ይቻላል። መጨረሻው ከምርጫው 6 የሥራ ቀን በፊት፣ ከቀትር በኋላ 5 ሰዓት ነው (እዚህም ከዚህ በታችም ቀነ ገደቦቹ በእንግሊዝ ሰዓት ናቸው)።

አሁን ወደ ስሙ። የእኛ ስም አጻጻፍ ለዚህ አገር ቅጽ አልተሠራም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብለን ስንሰጥ አንዱ ቢሮ አያትን የቤተሰብ ስም ያደርጋል፣ ሌላው አባትን። ገብረ መድኅን፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ኃይለ ሚካኤል ያሉ ስሞች ለሁለት ይሰነጠቃሉ፤ “ገብረ” ለብቻው የመጀመሪያ ስም ሆኖ መዝገብ ላይ ያርፋል። ጸሐይ በአንዱ ወረቀት በሁለት ፊደል ተጀምሮ በሌላው በአንድ ይጀመራል። ቀ ደግሞ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል።

አስመራጮቹ ጥቃቅን የፊደል ልዩነትን ያልፋሉ። የስሙ ቅደም ተከተል ሲገለባበጥ ወይም የቤተሰብ ስሙ ጭራሽ ሌላ ሲሆን ግን ያቆማሉ፤ ሥራቸው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ይዘው የሚሄዱትን መታወቂያ መጀመሪያ ይምረጡ። ፊት ለፊትዎ አስቀምጠው በላዩ ያለውን ስም ፊደል በፊደል ምዝገባው ላይ ይገልብጡ። ቀድሞ ተመዝግበው ከሆነ ለካውንስሉ የምርጫ ክፍል ደውለው “በመዝገቡ ላይ ያለው ስሜ እንዴት ተጽፏል?” ብለው ፊደሉን ያስቆጥሯቸው፤ ካልገጠመ በመታወቂያው መሠረት ያስለውጡ። ይህች ስልክ 10 ደቂቃ አትወስድም፤ ከመመሪያው አንዲት ነገር ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ይህችን ይሥሩ። ለውጡ ሳይደርስ ምርጫው ከመጣ ሁለቱን ስሞች የሚያገናኝ ሰነድ፣ ለምሳሌ የጋብቻ ወይም የስም ለውጥ ወረቀት፣ ይዘው ይሂዱ።

ፊታቸውን የሚሸፈኑ እህቶች መታወቂያቸው ከሰው ዓይን ራቅ ባለ ቦታ፣ በሴት አስመራጭ እንዲታይላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ሴት አስመራጭ በየጣቢያው ላትኖር ስለምትችል ቀደም ብሎ ለካውንስሉ መናገር ይሻላል።

4ኛ፦ በአካል፣ በፖስታ ወይስ በወኪል?

ሌሊት ለሚሠሩ፣ ለሕመምተኞችና ኢትዮጵያ ለሚሄዱ ፖስታው መልካም ነው። ማመልከቻው ከምርጫው 11 የሥራ ቀን በፊት፣ ከቀትር በኋላ 5 ሰዓት ላይ ይዘጋል። የሚቆየውም ቢበዛ 3 ዓመት ነው፤ ከዚያ እንደገና ማመልከት ያሻል። ኢትዮጵያ ሆነው ከዚያ እልካለሁ ብለው ግን አያስቡ፤ ወረቀቱ ሄዶ እስኪመለስ ቀኑ ያልፋል። ለዚህ ወኪል ይሻላል።

በፖስታ ድምፅ የሚሰጥ ሰው መታወቂያ አይጠየቅም። በምትኩ ከድምፅ መስጫው ወረቀት ጋር በሚመጣው መግለጫ ላይ የትውልድ ቀንና ፊርማ ያኖራል፤ ሁለቱም ሲያመለክት ከሰጠው ጋር ይመሳከራሉ። ድምፁ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው በትውልድ ቀኑ ቦታ የዕለቱን ቀን ይጽፋል። የእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በስደት ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈልን ብዙ ነን፤ እውነተኛ ልደታችን ሌላ ነው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ደግሞ ሌላ። የሚጻፈው ሲያመለክቱ የሰጡት ቀን ነው፣ ሌላው አይሠራም። ፊርማም እንዲሁ። በአማርኛ ፊደል ፈርመው ካመለከቱ በአማርኛ ይፈርሙ። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ወይም መጻፍ ለማይችሉ አረጋውያን ፊርማው እንዲቀርላቸው መጠየቅ ይቻላል።

ወረቀቱን ባለቤቱ ራሱ ይሙላው፣ ራሱ ያሽገው። በፖስታ ለመላክ ካልደረሰ በምርጫው ቀን ወደ ጣቢያ ወስዶ ቅጽ ሞልቶ ማስረከብ ይቻላል፤ አንድ ሰው ከራሱ ሌላ የ5 ሰው ፖስታ ብቻ ነው ማስረከብ የሚችለው። የፓርቲ ቀስቃሽ በርዎ ድረስ መጥቶ “ልውሰድልዎ” ቢል አይስጡት፤ ለእሱ የሌላ ሰው ፖስታ መያዝ ክልክል ነው።

ወኪል ማለት እርስዎን ተክቶ ጣቢያ ሄዶ ድምፅዎን የሚሰጥ ሰው ነው። ማመልከቻው ከምርጫው 6 የሥራ ቀን በፊት፣ ከቀትር በኋላ 5 ሰዓት ድረስ ነው። ድንገት ቢታመሙ ወይም መታወቂያዎ ቢጠፋ የአስቸኳይ ውክልና እስከ ምርጫው ቀን ከቀትር በኋላ 5 ሰዓት ይጠየቃል። ወኪልዎ የራሱን መታወቂያ ይዞ ይሄዳል፣ የእርስዎን አይደለም።

5ኛ፦ እጩዎቹን ይወቁ

በየትኛው ዋርድ እንዳሉ በፖስት ኮድዎ ከካውንስሉ ድረ ገጽ ያገኛሉ፤ የእጩዎችን ስም ደግሞ ዴሞክራሲ ክለብ የተባለው ገለልተኛ ድርጅት በፖስት ኮድ ያሳያል። በር የሚያንኳኩ ቀስቃሾች ሲመጡ ተደብቀን ዝም እንላለን። ይክፈቱላቸው። ስለ ጋዛ፣ ስለ ዩክሬን ወይም ስለ አገራችን ያላቸውን አቋም ብቻ ጠይቀው አይመልሷቸው፤ ካውንስለር በዚያ ላይ ሥልጣን የለውም። “በዚህ ብሎክ ያለውን ሻጋታ በስንት ጊዜ ታስጠግናላችሁ? የአዳራሹን ኪራይ ለማኅበራት ትቀንሳላችሁ?” ብለው መልሱን በቀኑ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከምርጫው በኋላ ያስፈልግዎታል።

በሃክኒ፣ በሉዊሻም፣ በኒውሃም፣ በታወር ሃምሌትስና በክሮይደን ሕዝቡ ከንቲባውንም በቀጥታ ይመርጣል፤ ስለዚህ በእነዚህ ቦሮዎች ሁለት ወረቀት ይሰጥዎታል።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል፤ ቤተ ክርስቲያኑንም መስጊዱንም ይመለከታል። የ2014ቱ የታወር ሃምሌትስ የከንቲባ ምርጫ በ2015 በምርጫ ፍርድ ቤት ሲሰረዝ ከተጠቀሱት ጥፋቶች አንዱ ሃይማኖትን ተገን አድርጎ መራጭን መጫን ነበር። ካህን ወይም ሼህ “ተመዝገቡ፣ ምረጡ” ቢል ያስመሰግነዋል። “እገሌን ካልመረጣችሁ ኃጢአት ነው” ማለት ግን በዚህ አገር ሕግ ወንጀል ነው።

6ኛ፦ ሐሙስ ዕለት

ጣቢያው ክፍት የሚሆነው በእንግሊዝ ሰዓት ከጠዋቱ 7 እስከ ምሽቱ 10 ነው። ለወላጆቻችን ስንነግር “ከጠዋቱ 1 እስከ ማታ 4” እንበላቸው፤ “7 ሰዓት ይከፈታል” ሲባሉ እኩለ ቀን ጠብቀው የሄዱ አውቃለሁ። ምሽት 10 ሰዓት ላይ ሰልፍ ውስጥ የቆመ ሰው አይመለስም። መሄድ ያለብዎ በፖል ካርዱ (ከምርጫው በፊት በፖስታ በሚደርስዎ ማሳወቂያ) ላይ ወደተጻፈው ጣቢያ ብቻ ነው፤ ካርዱ ራሱ ግን ቢጠፋም ችግር የለውም።

በሩ ላይ የፓርቲ ምልክት ያደረጉ ሰዎች የመራጭ ቁጥርዎን ሊጠይቁ ይችላሉ። ባለሥልጣን አይደሉም፤ ሳይመልሱ ማለፍ ይችላሉ።

በዋርዱ 3 ወንበር ካለ ወረቀቱ “እስከ 3 እጩ ይምረጡ” ይላል። ከስሙ አጠገብ ባለው ሳጥን የኤክስ ምልክት ያድርጉ። አንድ ብቻ ወይም ሁለት ቢመርጡ ይቆጠራል፤ አራት ቢያደርጉ ሁሉም ይበላሻል። ከተለያዩ ፓርቲዎች መቀላቀል ይቻላል። 1፣ 2፣ 3 ብለው ቁጥር አይስጡ። ስም ወይም ፊርማም አያኑሩ፤ ወረቀት ሲሰጠን መፈረም ልማዳችን ነው፣ እዚህ ግን ማንነትዎን የሚገልጥ ነገር ድምፁን ያስጥላል። ከተሳሳቱ ሳጥኑ ውስጥ ሳይከቱ ለአስመራጩ ይመልሱ፤ ሌላ ይሰጥዎታል።

ወረቀቱ ጀርባ ላይ ቁጥር አለ። ይህን ሲያዩ ልባቸው የሚመታ አባቶች አሉ፤ ካለፉበት አንጻር ሊፈረድባቸው አይገባም። ቁጥሩ የተቀመጠው በማጭበርበር ክስ ጊዜ ለማጣራት ነው። ታሽጎ ለአንድ ዓመት ይቀመጣል፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይከፈትም፣ ከዚያም ይወገዳል። ማንን እንደመረጡ ካውንስሉም፣ ቤትዎን የሚያከራይ መሥሪያ ቤትም አያውቅም።

ማየት ወይም ማንበብ የማይችል ሰው 18 ዓመት የሞላው ረዳት ይዞ መግባት ይችላል፤ ለአስመራጩ ይነገራል፣ ቅጽ ይሞላል። ከዚህ ውጭ ባልና ሚስት፣ እናትና አዋቂ ልጅ አንድ መከለያ ውስጥ መግባት አይፈቀድም። በ2023 በወጣ ሕግ ሌላው ሰው በሚመርጠው ላይ ተጽዕኖ ለማድረግ ብሎ መከለያው አጠገብ መቆም ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኗል። ለእናቱ ከልቡ የሚያስብ ልጅ ወረቀቱን ከበፊት ምሽት ጀምሮ ቤት ያስረዳቸው፤ የእጩዎቹ ስም ዝርዝር በካውንስሉ ድረ ገጽ አለ።

7ኛ፦ ቆጠራውና ከዚያ በኋላ

አንዳንዱ ቦሮ ሌሊቱን ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ዓርብ ጠዋት ይጀምራል። በ3 ወንበር ዋርድ ሰው ድምፁን ከፋፍሎ ስለሚሰጥ ቆጠራው ረዘም ይላል። ብዙ ድምፅ ያገኙት ሦስቱ ይገባሉ።

በሜይ 2022 በለንደን ከተመዘገበው ከ10 ሰው 4ቱ እንኳ አልወጡም። በዚያው ቀን ዌስትሚንስተር፣ ባርኔትና ዋንድስዎርዝ ከኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ወደ ሌበር ፓርቲ ዞሩ። ድምፅ እኩል ሲሆን ደግሞ በዕጣ ይለያል። በ2017 በኖርዘምበርላንድ፣ ሳውዝ ብላይዝ በተባለው ሰፈር፣ ሁለት እጩዎች እኩል 356 ድምፅ አግኝተው አሸናፊው ጭራሮ በመሳብ ተለየ፤ በዚያች አንዲት ጭራሮ ምክንያት ኮንሰርቫቲቮች የካውንስሉን አብላጫ ሳያገኙ ቀሩ። አንድ ሰው ከሥራ መልስ ጎራ ብሎ ቢሆን ኖሮ ጭራሮ ባላስፈለገ ነበር።

ራስዎ መወዳደር ቢያስቡ እንደሚመስለው ሩቅ አይደለም። ለመምረጥ ብቁ የሚያደርግ ዜግነት (ለኮመንዌልዝ ዜጎች ከቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ጋር)፣ 18 ዓመት፣ በቦሮው መራጭነት መመዝገብ ወይም ላለፉት 12 ወራት እዚያ መኖር ወይም መሥራት ይበቃል። ከዋርዱ የሁለት መራጮች ፊርማ ያስፈልጋል፤ ማስያዣ ገንዘብ የለም። ወረቀቱ ከምርጫው 19 የሥራ ቀን በፊት፣ ከቀትር በኋላ 4 ሰዓት ሳይሞላ መግባት አለበት። የዚያው ካውንስል ተቀጣሪ ከሆኑ ግን መወዳደር አይችሉም።

ካውንስለሮች ሰርጀሪ የሚሉት ቋሚ የመቀበያ ሰዓት አላቸው፤ በቤተ መጻሕፍት ወይም በማኅበረሰብ አዳራሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀጠሮ። ሲሄዱ የጥገና ጥያቄ ያቀረቡበትን ቁጥርና ቀን፣ የሻጋታውን ፎቶ፣ ካውንስሉ የላከልዎትን ደብዳቤ ይያዙ፤ በር ላይ መጥተው የተናገሩትንም የጻፉበትን ወረቀት አይርሱ። አስተርጓሚ ካሻዎ ዘመድ ወይም ጎረቤት አብሮ ይግባ። ያቺ ስማቸው ያልተገኘው እናት በማግስቱ ዓርብ ተመዘገቡ፤ ዝቅ ብለው መታወቂያቸውን እያዩ ፊደሉን አንድ በአንድ ያነበቡልኝ እሳቸው ነበሩ፣ እኔ ጻፍሁ።